ቤት ከመግዛት ያዳነን ደላላ

ደላላን በአደባባይ አመሰግናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ዛሬ ግን አደርገዋለሁ። ሐዋሳ ቤት የምትፈልጉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ጡረታ ከወጣን በኋላ እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባን ለቀን ሐዋሳ ለመኖር ወሰንን። የባለቤቴ ጉልበት የአዲስ አበባን ብርድ አልችል ብሎ ነው። የጠየቅነው አንድ ነገር ነበር፤ ጠዋት ስንነሳ ሐይቁን ማየት።

ሁለት ወር ተንከራተትን። ሦስት ደላላ ቀያየርን። አንደኛው «ሐይቅ ዳር ነው» ብሎ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ወሰደን። ስሙስ ልክ ነው። ሐይቁ ግን ጣሪያ ላይ ብንወጣም አይታይም ነበር።

ከዚያ በዘመድ በኩል ይህን ሰው አገኘነው። አርባ ዓመት አካባቢ ቢሆነው ነው። ባጃጅ ይነዳል፣ ድለላውንም እግረ መንገዱን ይሠራል። ያሳየን የመጀመሪያው ቤት ልቤን ወሰደው። ግቢው እስከ ውኃው ይደርሳል። ማንጎ አለ፣ ዳር ላይ የሣር ጎጆ አለች፣ ጉሬዛ አጥሩ ላይ ይዘላል። ልጄ ከውጭ በቪዲዮ እያየች «እማ፣ ዛሬውኑ ግዙት!» ትለኛለች። ሻጩም «ሌላ ገዢ ከሰዓት ይመጣል» አለ። እኔ ስለ ቀብድ ማውራት ጀመርኩ።

ደላላው ወደ ውጭ ጠራኝና «ማዘር፣ ዛሬ ሳንቲም እንዳይሰጡ። መጀመሪያ ካርታውን እንየው» አለኝ።

ካርታው 250 ካሬ ይላል። ግቢውን በእርምጃ ሲለካው ግን ከ400 አያንስም። ትርፉ የት ነው ያለው? ወደ ሐይቁ በኩል። ማንጎው፣ ጎጆዋ፣ ፎቶ የተነሳንበት ቦታ ሁሉ ካርታው ላይ የለም። አጥሩ በየዓመቱ ወደ ውኃው እየተገፋ የሐይቁን ዳርቻ በልቶ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እኛ የምንገዛው ቤቱንና ካርታው ላይ ያለውን ይዞታ ነው። ነገ ማዘጋጃ ቤት መጥቶ አጥሩን ቢያፈርስ ለትርፉ ካሳ የሚከፍለን ማን ነው? ሐይቁን እናያለን ብለን ከሐይቁ ዳርቻ የተቆረሰ ጨረቃ፣ ማለትም ሕገ ወጥ ይዞታ፣ ልንገዛ ነበር።

በዚህ አላበቃም። ከቤቱ ኋላ ወስዶ የግድግዳውን ሥር አሳየኝ። ቀለሙ ተላልጧል፣ ከሥሩ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቷል። «እርጥበት ከታች እየሳበ ነው» አለ። ጎረቤት የሚኖሩ አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ጠራልኝና እሳቸው ውኃው ድሮ የደረሰበትን በእጃቸው አሳዩኝ። መሬት ላይ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ያሳዩኝ የመስኮቱን ደፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ዝናብ የበዛባቸው ዓመታት ሲደራረቡ ውኃው ከፍ ይላል፣ ዳርቻውን ይውጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሞልቶ ወደ ከተማው እንደገፋ የቆዩ ነዋሪዎች ያስታውሳሉ። እኔ ሰው ሐይቁ ዳር የሚዝናናበት ፍቅር ሐይቅ ስሄድ ውኃውን የሚገታው ግድብ ለሽርሽር የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

ሻጩ «የራሱ ጉድጓድ አለው» ብሎ ያሞገሰውንም ደላላው «ለአትክልት ይሁን» ብሎ አለፈው። እዚህ ላይ አፈርኩ። ዕድሜ ልኬን ነርስ ነበርኩ። የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት፣ የልጅ ጥርስ እንደሚያበልዝ፣ ሲቆይም አጥንት እንደሚጎዳ አውቃለሁ። የማንጎው ጥላ አስረስቶኝ ነበር።

አሁን የምንኖርበትን ቤት ያገኘልን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ውኃው ዳር አይደለም። ከታቦር ተራራ ግርጌ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ሐይቁን የምናየው ከላይኛው በረንዳ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። እሱ ግን በቀን ብቻ አላሳየንም። ከሰዓት በኋላ ወሰደን፤ ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይዋ ውኃው ላይ ትጠልቃለች፣ ያምራል፣ ግን ከዚያ በፊት ሳሎን ውስጥ ገብታ ትጠብሳለች። መጋረጃ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያኔ ነው የገባኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይም ወሰደን። የሙዚቃውን ድምፅ አዳመጥን፣ የቢምቢውን ብዛት አየን። አጎበር ያስፈልጋል፤ ወባ በዚህ ከፍታ አለች።

ዕዳና እገዳ እንደሌለበት አረጋግጦ፣ ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ ስሙ ወደ እኛ እስኪዞር ድረስ አብሮን ተሰለፈ። ክፍያው የተለመደው 2 በመቶ ነበር። በመጀመሪያው ቤት ቢስማማ ኖሮ የበለጠ ያገኝ ነበር፤ ዋጋው ከፍ ያለ ነበራ። እኔም ትንሽ ጨመርኩለት። «አልቀበልም» ይላል ብዬ ነበር። ተቀበለ። ሥራው ነው፣ ልጆች አሉት።

ጉድለቱንም ልናገር። ሰዓት አያከብርም። «ደርሻለሁ» ካለ ገና ከቤት እየወጣ ነው። ስልኩም ግማሽ ቀን ዝግ ነው።

ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ሰው ያጥለቀልቀኛል ብሎ ለምኖኛል። የምር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥሩን ጠይቄው እልክላችኋለሁ። ስትደውሉለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ይሁን። ያኔ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሶ ይጨርሳል።