የወር አስቤዛ በአዳማ፦ ሱፐርማርኬት፣ የሰፈር ሱቅ ወይስ አመዴ?

አዳማ ገብቶ ቤት የተከራየ ወዳጅ ሁሉ ይደውልና "አስቤዛ የት ይሻላል?" ይለኛል። ለሁሉም የምለው አንድ ነው። ዋናውን ከሰፈር ሱቅ፣ አትክልቱን ከአመዴ ገበያ ግዙ። ሱፐርማርኬት ለጥቂት ነገር ብቻ ይበቃል።

ከዋጋው ልጀምር። ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ የተለጠፈው ዋጋ ቫት አለው ወይስ የለውም? ሳትጠይቁ ቅርጫት አትሙሉ። ከሌለው 100 ብር ያያችሁት ዕቃ ካሸሯ ጋ ሲደርስ 115 ይሆናል። ሁሉም ቫት ያለበት ዕቃ ከሆነ፣ 2,000 ያላችሁት 2,300 ሆነ ማለት ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የውጭ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ኮምፒውተሩ ላይ ጨምሮ መደርደሪያው ላይ የድሮው ወረቀት እንደተለጠፈ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ከበሩ ሳትወጡ ደረሰኙን አንብቡ። መልስ ሲሆን "ዝርዝር የለም" ብለው ማስቲካ ከሰጧችሁ አትቀበሉ። እኔ በቴሌብር እከፍላለሁ፣ ሳንቲሙ አይቀርብኝም።

ግራሙንም እዩ። 500 ግራም ፓስታ 90 ብር፣ 400 ግራሙ 80 ብር ቢሆን ብዙ ሰው ባለ 80ውን ያነሳል። በኪሎ ሲሰላ ግን የመጀመሪያው 180፣ ሁለተኛው 200 ነው። ሳሙናና ዱቄት ወተትም እንደዚሁ ነው።

አጥብቄ የምከራከረው በፍሪጅ ዕቃ ነው። አዳማ ሙቀቷ የታወቀ ነው፣ መብራቱም ይጠፋል። ጄኔሬተር ያለው ሱፐርማርኬት ሁሉ ለፍሪጁ ያበራል ማለት አይደለም። ከአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት የገዛሁትን ፍሮዝን ዶሮ ቤት ስከፍተው ሸቷል። ደረሰኙን ይዤ ወዲያው መለስኩት። "ከፍሪጅ የወጣ ዕቃ አንቀበልም" አሉኝ። ብሬ ቀረ። እስካሁን ያናድደኛል። ከዚያ በኋላ ላስቲኩን ገልብጬ ነው የማየው። ሥሩ ላይ ደም የቀላቀለ በረዶ ከተጋገረ፣ ዶሮው ቀልጦ እንደገና በረዶ የሆነ ነው። እርጎ ከሆነ ክዳኑ ማበጡን እዩ። በዐቢይ ጾም የወተት ተዋጽኦ ፈላጊ ስለሚያጣ መደርደሪያ ላይ ይሰነብታል። ለፋሲካ የምትገዙ ሰዎች፣ ቀኑን ደጋግማችሁ እዩ፤ "ቅናሽ" የሚል ከተለጠፈበት ደግሞ ይበልጥ።

የሰፈራችን ባለሱቅ ፍሪጁ ትንሽ ነው፣ ወተቱ ግን ጠዋት ገብቶ እስከ ማታ ያልቃል። የተበላሸ ነገር ስመልስለት ሳይከራከር ይቀይርልኛል። ነገም እንደምመጣ ያውቃል። ወር መጨረሻ ላይ እጅ ሲያጥር ዱቤ ይጽፍልኛል፤ ወለድ የለው፣ ምን የለው። ይህን የትኛው ሱፐርማርኬት ያደርገዋል? ዘይት ሲሆን ብቻ የጀሪካኑ ክዳን ቀለበት አለመላቀቁን እዩ። ዳይፐር ደግሞ በፍሬ አትግዙ፣ ሲደመር ከሙሉው እሽግ በብዙ ይወደዳል።

ሱቅ የሚያቅተው ፎርጅዱን መለየት ነው። ሻምፑ፣ ምላጭና ባትሪ ድንጋይ ከዋናው ጋር አንድ መስለው ይመጣሉ። ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም አንድ ፊደል የተዛነፈ ከሆነ ተዉት። የሕፃን ዱቄት ወተትም ከሱቅ አልገዛም። እነዚህን ከሱፐርማርኬት፣ በደረሰኝ። ለዚህ እጨምራለሁ፣ አይቆጨኝም።

አትክልት ግን ከሱፐርማርኬት መግዛት ብር መጣል ነው። ቲማቲሙ በላስቲክ ተጠቅልሎ አልቦት ታገኙታላችሁ። ቆቃና መቂ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናቸው፤ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከዚያ ነው የሚመጣው። አመዴ ጠዋት ሂዱ፣ ዘንቢል ያዙ፣ እጃችሁ ራሱ ይምረጥ። በርበሬም ዛላውን ገዝታችሁ አስፈጩ፤ ተፈጭቶ የተቀመጠው ውስጥ ምን እንደገባ በዓይን አይለይም። የባጃጅ ኮንትራቱ ካስፈራችሁ ከጎረቤት ጋር ውጡ። ሽንኩርቱንም በጆንያ አንስታችሁ እዚያው ብትካፈሉ፣ በኪሎ ከሚሸጡት ይረክሳል።