ካፌ ወይስ ነን ካፌ?

ኢኮኖሚክስ ተምሬ መጀመሪያ ያሰላሁት የራሴን ምሳ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይ ግቢው መመገቢያ ይበላል (ካፌ)፣ ወይ የምግቡን ገንዘብ ተቀብሎ ራሱን ይመግባል (ነን ካፌ)።

ወጪ፦ ካፌ ከኪስ አያስወጣም። ነን ካፌ ለተማሪ ምግብ የተመደበውን የቀን ተመን በገንዘብ ይቀበላል። ተመኑ በ2017 ዓ.ም. ከ22 ወደ 100 ብር አድጓል፤ በወር 3000 ብር ገደማ ማለት ነው። በቀን ሦስቴ ውጭ ለሚበላ ግን አያደርስም። ሁለቱም ወጪ መጋራት ውስጥ ይገባሉ፤ ተመርቀን እንከፍላለን።

ጊዜ፦ ካፌ ሰልፍ አለው። የማይክሮ ኢኮኖሚክስ ፈተና ሲደርስ ኦፖርቹኒቲ ኮስት (አንዱን ስትመርጥ የሚያመልጥህ ሌላው ጥቅም) ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው።

ስጋት፦ ነን ካፌ ብሩ ከዘገየ ጭንቅ ነው። ካፌ ሰዓት ካለፈ ጦም ማደር አለ።

ጨጓራ ያለበት ወይም ከዶርም ልጆች ጋር አዋጥቶ የሚበላ ነን ካፌ ይሁን። ከቤት ምንም የማይላክለት፣ በተለይ ፍሬሽ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ) ከሆነ፣ ካፌን አይልቀቅ።