የእርግዝና ስትሪፕ፦ ደም ጠብ ሲል ምን ያህል ይረዳል?

ከፋርማሲ የሚገዛው የሽንት ስትሪፕ ለተሠራበት ሥራ ጥሩ ዕቃ ነው። ርካሽ ነው፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ኤችሲጂ የተባለውን የእርግዝና ሆርሞን ከ25 ሚሊ ዩኒት በሚሊ ሊትር ጀምሮ ይለያሉ። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይያዝ፣ ስትሪፑ ላይ ከተሰመረው የማክስ (MAX) መስመር ሳያልፍ ይነከር፣ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ደቂቃ ይነበብ። ቆይቶ ብቅ የሚል ደብዛዛ መስመር አይቆጠርም።

ጣጣው የሚመጣው በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሳምንት ቡናማ ወይም ሮዝ ጠብታ ሲታይ ነው። ያኔ አምስት ስድስት ስትሪፕ ገዝቶ በየጠዋቱ መስመር ማነጻጸር የተለመደ ነው። ለዚህ ገንዘብ ባይወጣ ይሻላል። ስትሪፑ ሆርሞኑ መኖሩን እንጂ መጠኑን አይናገርም። ብዙ ውሃ ከተጠጣ መስመሩ ይደበዝዛል፤ ሆርሞኑ እጅግ ሲበዛም ሊደበዝዝ ይችላል። ከሁሉ የከፋው፣ ፅንሱ ከወረደ በኋላም ለሳምንታት ሁለት መስመር ሊያሳይ መቻሉ ነው። ከማህፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝናንም አይለይም።

ገንዘቡ ለአልትራሳውንድ ይቀመጥ። በብልት በኩል በሚደረገው አልትራሳውንድ የፅንሱ የልብ ምት የሚታየው ከ6ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ነው፤ በ5ኛው ሳምንት የሄደች የእርግዝና ከረጢት ብቻ አይታ የባሰ ተጨንቃ ትመለሳለች። ፅንሱ 7 ሚሊ ሜትር ሳይሞላ «ልብ የለውም» ተብሎ አይደመደምም፣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ገና ምንም ካልታየ የደም ኤችሲጂ በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለቴ፣ በአንድ ላቦራቶሪ ይሠራ።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከ4 እርጉዞች አንዷ ገደማ ደም ታያለች፤ ብዙዎቹም በሰላም ይገላገላሉ። እስከ ቀጠሮው ሞዴስ ይደረግ (ታምፖን አይሆንም)፣ ቀለሙና መጠኑ ይመዝገብ። ለሕመም ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን አይወሰድ። አልጋ ላይ መዋል ውርጃን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም፤ አማት ቢያዝዙም።

በሰዓት አንድ ሞዴስ ለሁለት ሰዓት በተከታታይ ከራሰ፣ በአንድ ጎን ወይም በትከሻ ጫፍ ከባድ ሕመም ካለ፣ ራስ ካዞረ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ የሆነች ደግሞ ጠብታው ትንሽ ቢሆንም ቶሎ ትናገር፤ የሾተላይ መከላከያ መርፌ ካስፈለገ የሚወጋው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው።