ኢንሹራንስ ቀይሩ፣ በቅናሽ እንሠራላችኋለን የሚሏችሁን ተጠንቀቁ

መኪና ያላችሁ ሰዎች ስልኩ ሳይደወልላችሁ አይቀርም። «ወንድሜ፣ የመኪናህ ኢንሹራንስ ሊያልቅ ነው አይደል? አሁን ካለህበት በጣም በሚያንስ ዋጋ እንሠራልሃለን።» ቁጥራችንንም የሚያልቅበትንም ቀን ከየት እንዳገኙት እግዜር ይወቀው። ዋጋው ግን እውነትም ያንሳል። ለምን እንዳነሰ ሳታውቁ አትፈርሙ ለማለት ነው ይህን የምጽፈው።

ድርጅት መቀየር በራሱ ችግር የለውም። ክሌም (የካሳ ጥያቄ) ሲቀርብለት የሚያመላልስ ድርጅት ጋ ተጣብቆ መኖር ደግሞ ምንም አይጠቅምም። እኔ የምላችሁ ስለ ርካሹ ነው።

የሙሉ ኢንሹራንስ፣ ማለትም የራሳችሁን መኪና ጉዳት ጭምር የሚሸፍነው፣ ክፍያ በዋናነት የሚሰላው መኪናው በፖሊሲው (በኢንሹራንስ ውሉ) ላይ ከተጻፈለት ዋጋ ላይ በመቶኛ ነው። ስለዚህ ክፍያ ለማሳነስ ቀላሉ ዘዴ ምንድን ነው? የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ። የደወለላችሁ ኤጀንት፣ ማለትም የድርጅቱን ኢንሹራንስ በኮሚሽን የሚሸጠው ሰው፣ «ባለፈው ዓመት የነበረውን ዋጋ እንጠቀም፣ ለምን ብዙ ትከፍላለህ» ይላችኋል፣ እናንተም ያሰበላችሁ ይመስላችኋል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እያየን ነው። የድሮው ዋጋ ዛሬ መኪናችሁን አይገዛም።

«ምን አለበት፣ መኪናዬ ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ በቀር የተጻፈው ዋጋ ምን ያደርጋል» የሚል ሰው ብዙ ነው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የአጎቴ ልጅ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ኮሮላ አለው፤ ገበያ ላይ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል። አዲሱ ድርጅት ያስገባው በ1.2 ሚሊዮን ነው። ከዚህም ከዚያም ብሎ አሥራ ምናምን ሺህ ብር ቆጠበ፣ ቤተሰቡን ሁሉ «እናንተም ቀይሩ» እያለ ሰበከን። ክረምት ላይ መንገዱ አንሸራቶት ቆሞ ከነበረ ሲኖትራክ ኋላ ገባ። እሱ ተርፏል፣ ተመስገን። መኪናው ግን ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ሁለቱም የፊት መብራት፣ ራዲያተር፣ አንድ ፓራፋንጎ ሄደ። ጋራዡ 300 ሺህ ብር አለ።

ድርጅቱ ምን አለ? መኪናህ 2 ሚሊዮን ያወጣል፣ ኢንሹራንስ የገባኸው ግን በ1.2 ሚሊዮን ነው፣ ማለትም 60 በመቶውን ብቻ፤ ስለዚህ ጥገናውንም 60 በመቶ ነው የምንከፍለው። 180 ሺህ ብር። ቀሪው 120 ሺህ የራስህ። «አቨሬጅ» ይሉታል፣ ፖሊሲው ላይ ተጽፏል፣ ማጭበርበር አይደለም፣ ክርክርም አያዋጣም። ከዚያ ላይ መኪናው አሮጌ ስለሆነ በአዲስ ለሚቀየረው ዕቃ የእርጅና ተቀናሽ መጣ። ከዚያ ኤክሰስ፣ ማለትም ከጉዳቱ ባለ መኪናው ራሱ የሚችለው ድርሻ። ኤጀንቱ ስልክ ማንሳት አቁሟል፤ እሱ ኮሚሽኑን ከወሰደ ቆይቷል።

ስለዚህ ፖሊሲ ከመፈረማችሁ በፊት የእናንተን ዓይነት መኪና፣ በዚያው ዓመተ ምሕረት የተሠራ፣ አሁን ስንት እንደሚሸጥ ደላላም ጠይቁ፣ ማስታወቂያም እዩ፣ ያንን አስጽፉ። በዓመቱ መሃል ዋጋው ከጨመረም ልዩነቱን ከፍሎ ማስተካከል ይቻላል፣ ደብዳቤ ብቻ ነው የሚፈልገው። ከልክ በላይ ማስጻፍም ግን አይጠቅምም፣ መኪናው ቢጠፋ የሚከፈላችሁ ከገበያ ዋጋው አያልፍም።

ሁለተኛው የማሳነሻ ዘዴ ሽፋን እየቀነሱ መሄድ ነው። ሁለት ድርጅቶች «ሙሉ ኢንሹራንስ» ሲሏችሁ አንድ ዓይነት ነገር እየሸጡ እንዳይመስላችሁ። ከከተማ የምትወጡ ሰዎች በተለይ «ቢኤስጂ» የሚባለው፣ የሽፍታና የታጣቂ ጉዳት ሽፋን፣ መኖሩን እዩ። የፖለቲካ ሁከት ደግሞ ለብቻው የሚገዛ ሽፋን ነው፤ አንዱ አለኝ ማለት ሌላውም አለኝ ማለት አይደለም። ተሳፋሪ ላይ የሚደርስ ጉዳትስ? ስፖኪዮና መብራት ሲሰረቅስ? አዲስ አበባ ውስጥ ስፖኪዮው ያልተፈታበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ፣ ብዙ ፖሊሲ ግን መኪናው ራሱ አብሮ ካልተሰረቀ ለዕቃው አይከፍልም፣ ተጨማሪ ካልከፈላችሁ በቀር። ጅቡቲ ወይም ኬንያ የምትመላለሱ ደግሞ የኮሜሳ ቢጫ ካርዱን፣ በኮሜሳ አባል አገሮች የሚያገለግለውን የሶስተኛ ወገን ሽፋን፣ አትርሱ።

ኤክሰሱንም ጠይቁ። አንዳንዱ «ከጉዳቱ ይህን ያህል በመቶ ወይም ቢያንስ ይህን ያህል ብር፣ የበለጠው» ብሎ ያስቀምጣል፣ ትንሽ አደጋ ሲሆን ሙሉውን ራሳችሁ ከፈላችሁ ማለት ነው። ሹፌሩ ወጣት ከሆነ ወይም መንጃ ፈቃዱ አዲስ ከሆነ ሊጨምርም ይችላል።

ጋራዥ ማን ይመርጣል የሚለውም አለ። ብዙ ጊዜ ጋራዦች ዋጋ ያቀርቡና ርካሹ ያሸንፋል። ርካሹ ጋራዥ ምን ዓይነት ላሜራና ምን ዓይነት ቀለም እንደሚሠራ እናንተው ታውቃላችሁ። በድርጅቱ ያስጠገነ የምታውቁት ሰው ካለ መኪናው ስንት ጊዜ ቆመ ብላችሁ ጠይቁት፤ ከማስታወቂያው የእሱ መልስ ይሻላል።

ፎርሙን ኤጀንቱ እንዲሞላላችሁ አትፍቀዱ። «ባለፉት ዓመታት አደጋ ደርሶ ያውቃል?» የሚለው ላይ ጥሩ ቅናሽ እንዲመጣ «የለም» ብሎ ይሞላና እናንተ ከታች ትፈርማላችሁ። ፊርማው የእናንተ ነው። በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ ሆን ብሎ የደበቀን ሰው ውል ዋጋ ያሳጣል፣ ድርጅቱም ይህንን የሚያስታውሰው ክሌም ስታቀርቡ ነው። በኮድ 2 መኪና በአፕ ተሳፋሪ የምትጭኑ ሰዎችም እንዲሁ፣ ለግል አገልግሎት ብላችሁ አስጽፋችሁ ተሳፋሪ ጭናችሁ አደጋ ቢደርስ አንከፍልም ለማለት ሰበብ ሰጣችኋቸው። ያለ አደጋ ለቆያችሁበት ጊዜ ቅናሽ የሚገባችሁ ከሆነ በቃል ሳይሆን ከድሮው ድርጅት ደብዳቤ አጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከተቻለ ዓመቱ ሲያልቅ ቀይሩ። በመሃል ስታቋርጡ «ግማሽ ዓመት ተጠቀምኩ፣ ግማሹ ይመለስልኛል» ብላችሁ አታስቡ። የምታቋርጡት እናንተ ከሆናችሁ የሚመለሰው «በአጭር ጊዜ ስሌት» ነው፤ ለተጠቀማችሁበት ጊዜ ከፍ ባለ ተመን ይቆረጥና የሚተርፈው ከግማሽ ያንሳል። በዚያ ዓመት ክሌም ከተከፈላችሁ ደግሞ ጭራሽ ላይመለስ ይችላል። ቅናሹን ስታሰሉ ይህንን ቀንሱበት።

የድሮውን ከመሰረዛችሁ በፊት አዲሱ ፖሊሲ በእጃችሁ ይሁን፣ የሚጀምርበትንም ቀንና ሰዓት እዩ። የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ማለትም በመኪናችሁ ሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚሆነው፣ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው። በመሃል ባለች አንድ ቀን ሰው ብትገጩ ተጎጂውን የመድን ፈንዱ፣ ኢንሹራንስ በሌለው መኪና ለተጎዱ ሰዎች የተቋቋመው የመንግሥት ፈንድ፣ ሊክስ ይችላል፣ ዞሮ ግን ገንዘቡን ከእናንተ ይጠይቃል። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነም ፖሊሲው ላይ የባንኩ ስም አለበት፣ ስለዚህ ባንኩን ሳታስፈቅዱ አትቀይሩ።

ገንዘቡን ደግሞ በኤጀንቱ የግል አካውንት አታስገቡ፣ «ዛሬ ሲስተም የለም» ቢላችሁም። በድርጅቱ አካውንት አስገቡና ደረሰኝ ተቀበሉ። ኤጀንት ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፣ አሳየኝ ማለት መብታችሁ ነው። ክሌም ላይ ድርጅቱ ካጉላላችሁም ቅሬታውን መጀመሪያ ለድርጅቱ በጽሑፍ አስገቡና ቅጂው ላይ ማኅተም አስመቱበት፤ ቀጥሎ ብሔራዊ ባንክ ስትሄዱ የምትይዙት ወረቀት እሱ ነው።