ኔትወርካችንን ሰርቶ ብቻ ሳይሆን ፅፎልን ለሄደው ልጅ ምስጋና፣ ለናንተም ጥቆማ

ሰላም የአዳማ ልጆች፣ ሰላም ሁላችሁም። እኔ እዚህ ብዙ አልፅፍም፣ ይሄን ሳልፅፍ ብቀር ግን ህሊናዬ አይተኛም። አንድ ልጅ ላመሰግን ነው። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል፣ ምናምን ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ ይጠቅማችኋል።

አነስ ያለች ክሊኒክ ነው የማስተዳድረው። ነርስ ነኝ፣ 19 ዓመት በሽተኛ ሳስታምም ነው የኖርኩት፣ የኮምፒውተር ትምህርት የለኝም። ግን ዛሬ ክሊኒክ ያለ ኔትወርክ አይሰራም፣ ካርድ ክፍሉ፣ ላብራቶሪው፣ ፋርማሲው፣ ካሸሯ፣ ካሜራው ሁሉም ተያይዟል፣ አንዱ ጋ ሲቆም በሽተኛ ውጪ ወንበር ላይ ተደርድሮ ይቀራል። ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ ደግሞ የላብራቶሪው ፍሪጅ ነው። አብዛኛው ሪኤጀንታችን፣ ማለት መመርመሪያ ኬሚካሉ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው መቀመጥ ያለበት፣ ከዛ ከወጣ ገንዘቡም ሄደ፣ ውጤቱም አይታመንም። ለዚህ ብለን ነው ዕቃዎቹን ቀን ከሌት የሚጠብቅና የሆነ ነገር ሲበላሽ በቴሌግራም መልዕክት የሚልክ ሶፍትዌር ያስገጠምነው።

የመጀመሪያው ሰው ገጠመልን፣ ጥሩም ሰርቶ ነበር፣ ከዛ ውጪ ሀገር ሄደ። ሁሉም ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ነበር፣ አንድ ገፅ ወረቀት እንኳን አልተወልንም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስዊቹ፣ ማለት የኔትወርክ ገመዶቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሳጥን፣ ተቃጠለ፣ ሌላ ገዝተን ሰው ጠርተን ቀየርን፣ ኢንተርኔቱ ሰራ፣ እኛ ሁሉም የሰራ መሰለን። ለካ ሶፍትዌሩ የፍሪጁን ቴርሞሜትር ማየት ካቆመ ቆይቷል። አንድ እሁድ ማታ መብራት ሄደ፣ ጀነሬተሩም አልተነሳም፣ ስልኬ ላይ ምንም አልመጣም፣ ሰኞ ጠዋት ፍሪጁ ሲከፈት 17 ዲግሪ። ያን ሁሉ ሪኤጀንት ካርቶን ሙሉ አውጥተን ስንጥል እንባዬ ነው የመጣው።

ሁለተኛው መጣ። አየት አደረገና "ይሄን የሰራው ሰው ምን አስቦ እንደሰራው እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ከዜሮ ነው የምንጀምረው" አለ፣ ቀብድ ተቀበለ፣ ላይሰንስ ብሎም አስከፈለን፣ ሶፍትዌሩ ነፃ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። ጨርሶ ሊሄድ ሲል እባክህ የሰራኸውን ፃፍልን ብዬ ለመንኩት። "ሲስተር፣ ቢፃፍም አይገባችሁም" አለኝ። ይቺ ቃል እስከዛሬ ታመኛለች። እኔ ለታማሚ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ሳልነግር፣ ሳልፅፍ አሰናብቼ አላውቅም፣ ማንበብ ለማይችለው በፀሐይና በጨረቃ ስዬ ነው የምሰጠው። አይገባህም ብዬው አላውቅም። ከዛ በኋላ ፕሪንተር በተቀየረ ቁጥር እሱን መጥራት፣ በመጣ ቁጥር መክፈል፣ በመጨረሻ ስልክም ማንሳት ተወ።

እንግዲህ ይሄኛው ልጅ የመጣው ተስፋ ቆርጠን ከተውነው በኋላ ነው፣ የአንዲት የስራ ባልደረባዬ ወንድም ነው የጠቆመን። የመጀመሪያ ቀን ኮምፒውተር አልነካም። ደብተር ይዞ ከኔ ጋር ክፍል ለክፍል ዞረ፣ እያንዳንዱን ዕቃ እያሳየ "ሲስተር፣ ይሄ ቢቆም ማን ነው የሚጎዳው?" ይለኛል። እስከዛሬ ይሄን የጠየቀኝ ባለሙያ የለም። ዕቃው ላይ ቁጥር እየለጠፈ፣ ፎቶ እያነሳ፣ እየፃፈ ሄደ።

ኮኔክተር ኮኔክተር ሲል ምንድነው አልኩት። "እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቋንቋ አለው፣ ሶፍትዌሩ ጋ ለመነጋገር መሀል ላይ አስተርጓሚ ይፈልጋል፣ ለየትኛው ዕቃ የትኛው አስተርጓሚ እንደተመደበ ካልተፃፈ ዕቃው የተቀየረ ቀን ሁሉም ነገር ዲዳ ይሆናል" አለኝ። ገባኝ! አይገባችሁም የተባልነው እኛ በአንድ አረፍተ ነገር ገባን። ሶፍትዌሩንም አልቀየረም፣ ዛቢክስ የሚባለው ነው፣ ጥሩ ነው በነፃ ነው ችግሩ እሱ አይደለም አለ። ስዊቹና ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ የሚይዘው ባትሪ) ላይ ግን ከፋብሪካ ይዘውት የመጡት "ፐብሊክ" የሚል የሚስጥር ቃል እንዳለ ነበር፣ የትም ያለ ባለሙያ የሚያውቀው ቃል ማለት ነው፣ ከሱ በፊት የመጡት ሳይቀይሩት ነው የሄዱት። የቀረውን ቴክኒኩን እሱ ያውቃል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ፅፎ ጨረሰ፣ በአማርኛ፣ ለአንድ ዕቃ አንድ ገፅ። የት ግድግዳ ላይ እንዳለ፣ የኔትወርክ አድራሻው፣ ኮኔክተሩ የቱ እንደሆነና ለምን እሱ እንደተመረጠ፣ ሲሰራ ምን እንደሚመስል፣ ሲቀየር ከየት እንደሚጀመር። የፋርማሲው ፕሪንተር ማታ ስለሚጠፋ ቀይ ቢሆን አትደንግጡ የሚል ሁሉ አለበት። ፓስወርዶቹን እዛ ላይ አልፃፈም፣ ለብቻ በፖስታ አሽጎ ካዝና አስገባን። ከዛ የሪሴፕሽን ልጃችንን ጠራና አንዱን ዕቃ ሆን ብሎ ከሶፍትዌሩ አጥፍቶ "በይ እህቴ፣ ወረቀቱን ብቻ እያየሽ መልሺው" አላት። እጁን አጣጥፎ ጎኗ ተቀመጠ። ልጅቷ አራተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ተጨነቀች፣ እኔን ታየኛለች። ይቆጣታል ወይ ራሱ ይሰራዋል ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶውን አወጣና ወረቀቱ ላይ ሰረዘ። "ስህተቱ ያንቺ አይደለም፣ እኔ ነኝ በደንብ ያልፃፍኩት" ብሎ እንደገና ፃፈው። እንደገና ሞከረች። ሶስት ቦታ እንደዚህ አስተካከለ፣ ስትጨርስ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፣ የልጅቷን ፊት ብታዩት!

እኔን አባቴ ነው ትዝ ያለኝ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና አሰላ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሰራው። አንድ ሰማያዊ ደብተር ነበረችው፣ የቺንጊያው ቁጥር፣ ግራሶ የተቀባበት ቀን፣ ሞተሩ ሲያጓራ ምን እንደሚደረግ ሁሉ ይፅፍባታል። ልጆች ሆነን ለምንድነው የምትፅፈው ስንለው "እኔ ብታመም ሰው እህሉን ይዞ መመለስ የለበትም" ይለን ነበር። ሲያርፍ ደብተሯን ለተተካው ልጅ እናቴ ናት የሰጠችው።

ባለፈው ክረምት መብረቅ የወረደ ቀን ስዊቹ እንደገና ሞተ። ልጁ ለስራ ጅማ ነበር። የሪሴፕሽን ልጃችን ገፅ 7ን ገለጠች፣ እሱ መለዋወጫ አስገዝቶን ስለነበር ቀየረች፣ ከምሳ በፊት የፍሪጁ ዲግሪ ስልኬ ላይ መጣ፣ 5። ደውዬ ስነግረው ከኔ በላይ ደስ ያለው እሱ ነው፣ "ቀኑን ገፁ ላይ ፃፉት እሺ" ብቻ ነው ያለኝ።

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ዘርህ ይባረክ። እባካችሁ ይሄን ልጅ አሰሩት፣ እንደዚህ አይነት ሰው ስራ ሊያጣ አይገባም። ስልኩ አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ እዚህ አልፃፍኩም፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ እሰጣችኋለሁ። ቀን ስራ ላይ ስለሆነ ማታ ደውሉለት። አንድ ነገር ብቻ፣ የመጀመሪያ ቀን ምንም ሳይነካ ደብተር ይዞ ሲዞር ብታዩት አትቸኩሉበት፣ አብራችሁት ዙሩ።