በክረምት እንጦጦ ለሚወጣ ሰው፦ በራጉኤል መንገድ ዳር ያለችው ሻይ ቤት

ከመስቀል በኋላ እንጦጦ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ሰማዩ ይጠራል፣ ከተማው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ፎቶም ያምራል። እኔ ግን ተራራውን ማየት በክረምት ነው ባይ ነኝ። ይህን አፌን ሞልቼ እንድናገር ያደረገችኝ ከማርያም ወደ ራጉኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ሻይ ቤት ናት። የስም ሰሌዳ የላትም። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ ነው፤ በሯ ላይ ቢጫ ሸራ ተወጥሯል። ባለቤቷን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል።

ትምህርት ሲዘጋ ልጆቼን ይዤ የምወጣው ወደዚያ ነው። ፈረስ መጋለብ ወይም በገመድ መንሸራተት ለሚፈልግ፣ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ አለ፤ ልጆቼም ይወዱታል። እማማ ቤት የሚገኘው ግን የተራራው ሰው ኑሮ ነው። በማለዳ ሯጮች ጭቃ የተረጨ ቱታቸውን እንደለበሱ ገብተው ትኩስ ሻይ ይጠጣሉ። ከእነርሱ በኋላ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን እያራገፉ ይገባሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶችም ሸክማቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ወደ ሽሮ ሜዳ ከመውረዳቸው በፊት የሚጠጡትን ሻይ እማማ አያስከፍሉም። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «እኔም ተሸክሜ ነው ያደግኩት፣ ልጄ» ብለውኝ ወደ ምድጃቸው ዞሩ።

ስለዚያ ምድጃ ብዙ መናገር ይቻላል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚሁ ማርያም ነው። ያም ሆኖ ቤተ መንግሥቱ ወደ ፍልውሃ የወረደው ብርዱና የማገዶ እጦቱ ስላስቸገረም ጭምር ነው። እማማ ቤት ገብቶ እጁን ወደ ፍሙ የዘረጋ ሰው ነገሥታቱ ለምን እንደወረዱ ወዲያው ይገባዋል። እማማ ግን አልወረዱም፤ እኛም እሳታቸውን ልንሞቅ እንወጣለን።

ስማቸውን ያስጠራው ድፎ ዳቦአቸው ነው። አጋገራቸውን ቆሜ አይቻለሁ። የኮባውን ቅጠል በእሳቱ ወላፈን ለብ ለብ ያደርጉትና ሲለሰልስ ምጣዱ ላይ ያነጥፉታል። ሊጡን ያፈሱበታል፤ ጣታቸውን ውኃ ነክረው ፊቱን ያስተካክላሉ። የቅጠሉን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፈው ከከደኑት በኋላ ከታች የነበረውን ፍም ከፍለው ከላይም ያደርጉበታል። ከዚያ በኋላ ክዳኑን ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም፤ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ቤቱን ሲሞላ ብቻ ራሳቸው ይከፍቱታል። ቅጠሉ ሲላጥ የደም ሥሩ ሳይቀር በዳቦው ጀርባ ላይ ታትሞ ይታያል። ቅርፊቱ ወፈር ያለ ነው፣ ውስጡ ደግሞ ሲቆረስ ይተናል። ከመንዝ ከሚመጣው የጦስኝ ሻይ ጋር ሲበላ፣ በከተማው ካሉ ውድ ካፌዎች የትኛውንም አልመርጥም።

ሽሮው ደህና ነው፣ ከዚያ በላይ አልልም፤ ውኃ ይበዛበታል። በሚጥሚጣ የሚቀርበው ቅቅል ድንች ግን ልጆቼ የሚሻሙበት ነው።

ምርጡ ጊዜ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው የፍልሰታ ጾም ነው። በእነዚያ ቀናት ምግብ የሚቀርበው ከቅዳሴ መውጫ በኋላ ስለሆነ በጠዋት ቁርስ ፈልጎ የሚሄድ ሰው ያዝናል። ነሐሴ 12 ማታ፣ የቡሄ ዋዜማ፣ የሰፈሩ ልጆች ዱላቸውን እየመቱ ሆያ ሆዬ እያሉ በሯ ላይ ይቆማሉ። እማማም አስቀድመው የጋገሩትን ሙልሙል ለእያንዳንዱ በእጁ ያስይዙታል፤ ትንሹንም አይረሱም። ቀን ቀን ደግሞ ልጆቹ ጅራፍ ከቃጫ እየገመዱ ሜዳው ላይ ያጮሃሉ፤ ድምፁ በጉሙ ውስጥ ከሸለቆ ሸለቆ ይሄዳል። አንድ በግ ጠባቂ ልጅ የእኔን ልጅ አጠገቡ አቁሞ ክንዱን እንዴት እንደሚያዞር እስኪችል ድረስ አሳየው። ለክረምት ትምህርት ብዙ ብር ከፍያለሁ፤ ልጄን እንዲያ ደስ ብሎት ያየሁት ግን በዚያ ሜዳ ነው።

ጉድለቷንም ልናገር። ጭስ መውጫዋ ጠባብ ነው፤ ዓይኑን የሚያመው ሰው በሩ አጠገብ ይቀመጥ። መጸዳጃ ቤቱ ከጓሮ ነው፣ ዝናብ ሲጥል መንገዱ ያንሸራትታል። የዋጋ ዝርዝር አልተለጠፈም፤ ሆኖም ሻይ 20 ብር፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ 40 ብር ነው የከፈልኩት፤ እንግዳ ስለሆንኩ አልጨመሩብኝም።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ማርያም በሚወጣው ታክሲ ሂዱና ቀሪውን በእግር ቀጥሉ። ቦት ጫማና ወፍራም ጋቢ ያዙ። ዳቦው ከቀትር በፊት ያልቃል፤ ሙሉ ድፎ የሚፈልግ ሰው ከዋዜማው ሄዶ ማዘዝ አለበት። ክፍያ በቴሌብር ይቀበላሉ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ኔትወርኩም አብሮ ስለሚጠፋ ጥሬ ብር መያዝ ይሻላል።