ጎንደር ላይ የሕፃን ፍራሽ ማሠራት፦ ስለ ስፖንጅ ቤቱ፣ ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ አናጢውና ስለ ማረፊያው

ከውጭ ሕፃን ይዞ ጎንደር የሚገባ ቤተሰብ ሁሉ የሚጠይቀው «ፍራሹን ይዘን እንምጣ ወይስ እዚያው እንግዛ?» ብሎ ነው። የእኛ መልስ፦ ፍራሹን እዚያው አሠሩ፣ ውሃ የማያሳልፈውን ልባስ ብቻ ሻንጣ ውስጥ አጥፋችሁ ኑ። የአሜሪካ የሕፃን ፍራሽ 132 በ71 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቁመቱ፣ ወርዱና ውፍረቱ ሲደመር ለአንድ ሻንጣ ከተለመደው የ158 ሴንቲ ሜትር ድምር በብዙ ያልፋል። ተከፍሎበት ቢደርስ እንኳ 120 በ60 በሆነ አልጋ ውስጥ አይገባም።

ሁሉም አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ኬሚካሉ ነው። ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን የመጀመሪያው አደጋ ትንፋሽ ነው። ፊቱ የሚሰምጥበት ለስላሳ ፍራሽና በፍራሹና በአልጋው አጥር መካከል የሚቀር ክፍተት ከየትኛውም ሽታ ይብሳሉ። ኬሚካሉ ሁለተኛ ነው፤ እሱም ቢሆን በቀላሉ የሚቀነስ ነው። የጎንደርን አገልግሎት የመዘንነው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ስፖንጅ ቤት

ቅዳሜ ገበያና ፒያሳ አካባቢ ያሉት ስፖንጅ ሻጮች በፈለጋችሁት ልክ ይቆርጡላችኋል፣ አገር ቤት ሳትኖሩ መቆየታችሁን አይተውም ትዕግሥት አያጡም። ችግሩ «ለሕፃን ነው» ስትሏቸው ካለው ሁሉ ለስላሳውን መርጠው ማውጣታቸው ነው። ክፋት የለበትም፤ ጨቅላ ልጅ በለስላሳ ይተኛል የሚለው የቆየ እምነት ነው። «ጋሼ፣ ለትልቅ ሰው ፍራሽ የሚሸጡትን፣ ድርቅ ያለውን ይስጡኝ» ብትሏቸው ይሻላል።

ሲያወጡላችሁ መዳፋችሁን በመሃሉ፣ ከዚያም በአራቱም ጠርዝ አሳርፋችሁ ተጫኑት። እጃችሁ ሲነሳ ስፖንጁ አብሮ ብድግ ማለት አለበት። የመዳፍ ቅርጽ ለጥቂት ጊዜ እንኳ ከያዘ ይቅር። «ሜሞሪ» እየተባለ በውድ የሚሸጠው ዓይነት ጠባዩ ይኸው ነውና ለሕፃን በጭራሽ አይሆንም፤ ልጁ ፊቱን ቢያዞር በአፍንጫው ዙሪያ ቅርጹን ይዞ ይቀራል።

ቀጥሎ አስመዝኑት። ይህን የሚጠይቅ ገዢ ብዙ ስለሌለ ሻጮቹ ይገረማሉ፣ ግን አይከለክሉም፤ ጎረቤት ያለ የእህል ሚዛን ይበቃል። 120 በ60 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ስፖንጅ ይዘቱ 0.072 ሜትር ኩብ ነው። በሜትር ኩብ 25 ኪሎ የሚመዝን ደህና ስፖንጅ በዚህ ልክ 1.8 ኪሎ ይሆናል፤ 30 ኪሎ የሚመዝነው ደግሞ 2.16 ኪሎ። 1.2 ኪሎ ብቻ ከሆነ ጥቅጥቅነቱ 17 እንኳ አይሞላም፤ ዛሬ ደረቅ ቢመስልም ልጁ በሚተኛበት ቦታ ቶሎ ይጎደጉዳል። ክብደት ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም፤ ኖራ መሰል ዱቄት ተጨምሮበት የሚከብድ ስፖንጅ አለ። ስለዚህ የመዳፉም የሚዛኑም ፈተና አብረው ይሁኑ። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን መሃሉ ላይ አስቀምጣችሁ አሳድሩት። ጠዋት ሲነሳ ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ መልሱት፤ «ካልሆነ እመልሳለሁ» የሚለውን ቀብድ ሳትከፍሉ በፊት ተነጋገሩበት።

ሁለት ዓይነት ስፖንጅ አትቀበሉ። አንደኛው ሰማያዊ፣ ሮዝና ቢጫ ቁርጥራጭ ተጨምቆ የተሠራው ነው። ደረቅ ስለሆነ የመዳፉን ፈተና ያልፋል፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ከምን እንደመጣ፣ በምን ማጣበቂያ እንደተያያዘ ሻጩም አያውቀውም። ሁለተኛው ሁለት ቀጫጭን ስፖንጅ በማስቲሽ ተለጥፎ «10 ሴንቲ ሜትር» የተባለው ነው። ማስቲሽ ውስጥ ያለው አሟሚ፣ የጫማ ጥገና ቤት ውስጥ የምታሸቱት ያ ሽታ፣ ሁለቱ ንጣፎች መካከል ታፍኖ ቀስ እያለ ይወጣል። አንድ ወጥ 10 ሴንቲ ከጠፋ አንድ ወጥ 8 ሴንቲ ይሻላል። ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ግን አይሁን፤ ፍራሹ ከፍ ባለ ቁጥር የአልጋው አጥር ያጥራል።

ለቁረጣው ትኩረት ስጡ። ሻጩ በስክሪብቶ መስመር ያሰምርና በረጅም ቢላዋ ይጎትታል። በአንድ ጉተታ ከላይ እስከ ታች ልቁረጥ ካለ ቢላዋው ያዘማል፤ ላይኛው ገጽ 60 ሆኖ ታችኛው 58 ይሆናል። ይህን ከላይ ብቻ በሜትር የለካ ሰው አያየውም። መስመሩን እየደጋገመ በስሱ እንዲቆርጥ ለምኑት፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ሁለቱንም ገጽ ለኩ። የአልጋውንም ውስጥ ሦስት ቦታ ላይ፣ ማለትም በራስጌ፣ በመሃልና በግርጌ ለክታችሁ ሂዱ፤ በእጅ የተሠራ አልጋ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ላይሆን ይችላል። ፍራሹ አልጋው ውስጥ ከገባ በኋላ ወደ አንድ ጎን ገፍታችሁ በሌላው ጎን ሁለት ጣት ከገባ ጠቧል ማለት ነው። ክፍተቱን በጨርቅ ወይም በፎጣ መሙላት መፍትሔ አይደለም፤ ልጁ ያወጣዋል፣ ከዚያም ፊቱ ላይ ይሆናል።

ወደ ኬሚካሉ ስንመጣ፣ ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው። በደንብ የበሰለ ስፖንጅ መሠረታዊ ኬሚካሎቹ እርስ በርስ ተዋሕደው አልቀዋል፤ የሚቀረው ሽታ ከማምረቻውና ከመጋዘኑ የተረፈ ተን ነው። በውጭ አገር «ሰርቲፑር» የሚባለው ምልክት ስፖንጁን ብቻ ይመለከታል፣ ልባሱን አይጨምርም። ለጨርቅ የሚታየው «ኦኮ-ቴክስ ስታንዳርድ 100» ነው፤ ለሕፃናት የሚሆነው አንደኛው ምድብ ሲሆን ምልክቱ ላይ ያለው ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ ይጣራል። ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ለማግኘት አትድከሙ፤ «ኦርጋኒክ ነው» የሚል ቃልም ቁጥር ከሌለው ዋጋ አትጨምሩበት።

እዚህ ላይ ለዘመድ ሁሉ የምንለው አንድ ነገር አለ። የሕፃን ፍራሽ ከአሮጌ ሶፋ ስፖንጅ አታስቆርጡ። ፔንታ የሚባለው እሳት መከላከያ ኬሚካል በአሜሪካና በአውሮፓ ጥቅም ላይ መዋሉ የቆመው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ከውጭ የመጣ ሶፋ እሱን የያዘ ሊሆን ይችላል፤ ስፖንጁ እየፈረፈረ ሲሄድም በቤቱ አቧራ ውስጥ ይገባል።

አዲሱን ስፖንጅ ላስቲኩን ወዲያው አውልቃችሁ ነፋስ በሚገባበት ክፍል በጎኑ አቁሙት፣ በየቀኑ ገልብጡት። ቢያንስ ሦስት አራት ቀን፣ ከተቻለ ሳምንት ይቆይ። ጓሮ ፀሐይ ላይ አታስጡት። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የደጋ ፀሐይ ስፖንጅን ያደርቅልናል ብሎ የሚያሰጣ ብዙ ነው፣ ነገር ግን ጨረሩ ገጹን ቢጫ አድርጎ ያፈረፍረዋል። ክረምት ላይ ከሆነ ደግሞ ከግድግዳ ራቅ አድርጉት፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት የገባበት ስፖንጅ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ ይሻግታል።

ልብስ ሰፊ

በዚህ ጉዞ ከተጠቀምንባቸው ሁሉ ያለ ማመንታት የምናመሰግነው የልብስ ሰፊዎቹን ሥራ ነው። ሥርዓት ያለው ዚፕ፣ ድርብ ስፌት፣ ፈጣን እጅ። ጊዜውን ብቻ ምረጡ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ነውና ከገና በኋላ መኪናው ሁሉ በሐበሻ ቀሚስ ተይዟል፤ ፍራሽ ልባስ ይዞ የሄደ ሰው «ከጥምቀት ወዲያ» ይባላል።

ጨርቁ ያልቀለመ አቡጀዲ ይሁን። ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ይህን የዘለለ ሰው ሁለት ጊዜ ያሠፋል። አቡጀዲ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ አምስት እጅ እንኳ ቢሰበሰብ በ120 ሴንቲ ሜትር ላይ 6 ሴንቲ ይጎድላል። የጠበበ ልባስ የስፖንጁን አራት ማዕዘን ወደ ላይ ይቆለምመዋል፣ በየማዕዘኑም ለልጅ እጅና ፊት የሚበቃ ክፍተት ይከፈታል። እጥበቱ ጨርቁ ሲሠራ የተቀባውን ማጠንከሪያ ስታርችም ያስለቅቃል። ወርዱ 1.5 ሜትር የሆነ አቡጀዲ ካገኛችሁ ለ120 በ60 በ10 ፍራሽ አንድ ልባስ 1 ሜትር ከ60 ይፈጃል። ሁለት አሠሩ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። ዚፑ በአንዱ ረጅም ጎን ሄዶ አንዱን አጭር ጎን ይዙር፣ አለዚያ ስፖንጁን አጥፋችሁ ስታስገቡ ይሰነጠቃል። የዚፑ መሳቢያ ራስ በጨርቅ ምላስ ሥር ይደበቅ።

ለሽንት መከላከያ ብዙ ቤት የሚሰጣችሁ ሙሻማ ነው። ሙሻማ በአብዛኛው ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ የሚለሰልሰው ፋታሌት በሚባሉ ኬሚካሎች ሲሆን አሜሪካ ሦስቱን በልጆች ዕቃ ውስጥ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ በ2008 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች። ይዛችሁ ኑ ያልነው ልባስ ለዚህ ነው፦ ከላይ ጥጥ፣ ከታች ስስ ፖሊዩሬቴን የተለበጠ፣ እንደ አንሶላ አራቱንም ማዕዘን የሚይዝ። ከረሳችሁት ግን ልቅ ላስቲክ ከማንጠፍ አቡጀዲውን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይሻላል። ልቅ ላስቲክ ፊት ላይ ይለጠፋል።

የጥጥ ፍራሽ

ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚወጣ ጥጥ ባለበት አገር ጥጥ ፍራሽ ማሠራት ያጓጓል፤ ለትልቅ ሰው እኛም እንመርጠዋለን። ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን አይሆንም። የተባዘተ ጥጥ ምንም ያህል ቢጠቀጠቅ ልጁ በሚተኛበት ይጎደጉዳል፣ ዙሪያው ይቆለላል። አሮጌ ጥጥ እንደገና ተባዝቶ የሚሞላበትም ጊዜ አለና ለትልቅ ሰው ስታሠሩ ሲሞላ ቆማችሁ እዩ።

አናጢው

አልጋም ለምታሠሩ፦ የአጥሩ ዘንጎች መካከል ከ6 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ። ፍራሹ ከሚያርፍበት እስከ አጥሩ ጫፍ 66 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አንድ ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አልጋ አታሠሩ፤ አሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው እንዳይሸጥ አግዳለች። ወለሉ ድፍን ኮምፔንሳቶ ከሆነ ፍራሹ ከሥሩ ያላብና ይሻግታል፤ ጣውላ እየዘለለ ይመታ ወይም ኮምፔንሳቶው በብዙ ቦታ ይበሳ። ቺፑድ ርካሽ ነው፣ ግን ከተቆረጠው ጠርዙ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ይተናል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከወር በኋላ ይጣመምና የለካችሁትን ክፍተት ያበላሻል።

ቫርኒሹን ተዉት። አናጢዎቹ «እንዲያምር» ብለው ይለምኗችኋል፣ ልጁ ግን ጥርስ ሲያወጣ የሚያኝከው ያንን አጥር ነው። በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አስለሰልሳችሁ የተልባ ዘይት በስሱ አስቀቡት፤ በጎንደር ብርድ ለመድረቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላልና ቀድማችሁ እዘዙ። የተቀባበትን ጨርቅ ጨብጦ ጥግ መጣል ግን እሳት ያስነሳል፤ ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል። ዘርግታችሁ ውጭ ስቀሉት።

ማረፊያ ቤት

ከሁሉ ደካማ ሆኖ ያገኘነው ይህ ነው። «የሕፃን አልጋ አለን» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ጎኑ መረብ የሆነ ታጣፊ አልጋ ነው፤ ያ በራሱ ጥሩ ነው። እንግዳ ለማስደሰት ብለው በቀጭኑ ንጣፍ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ይደርቡበታል። መረቡ ስለሚለጠጥ ልጁ በስፖንጁና በመረቡ መካከል ሊሰምጥ ይችላል። የተደረበውን አንሡት፤ ከራሱ ጋር የመጣው ቀጭን ንጣፍ ይበቃል። ክፍል ስትይዙ ሜትር የተዘረጋበት ፎቶ እንዲልኩላችሁ ጠይቁ፤ ለጥምቀት ከሆነ ከወራት በፊት።

ትኋን ፈርተው ማላታይን የሚረጩ ቤቶችም አሉ። ስሙን የማንጠራው አንድ ማረፊያ ፍራሹን ራሱን ረጭቶ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነጭ ካፉራ አስቀምጦ ነበር። ለብል የሚደረገው ያ እንክብል ናፍታሊን ከሆነ፣ የጂ6ፒዲ እጥረት (በዘር የሚወረስ የኢንዛይም ጉድለት) ባለበት ሕፃን ላይ ቀይ የደም ሴሎችን ያፈርሳል፤ በካፉራ የቆየ ልብስና ጋቢም እንዲሁ ነው። አያቶች ከሣጥን አውጥተው ልጁን ሊያለብሱት ሲሉ «እማማ፣ መጀመሪያ ታጥቦ ይናፈስ» ማለት ነውር የለውም። የተረጨ ፍራሽ ግን አይናፈስም፤ ክፍል ቀይሩ።

የጎንደር ሌሊት ይበርዳልና ሁሉም ጋቢ ይዞ ይመጣል። አልጋው ውስጥ ግን ትራስም፣ ልቅ ብርድ ልብስም አይግባ። ያው ልብስ ሰፊ እጅጌ የሌለው የመኝታ ከረጢት ይሰፋላችኋል፤ የአንገቱ ቀዳዳ የልጁ ጭንቅላት የማይሾልክበት ይሁን።

ስትመለሱ ፍራሹን ለዘመድ ልጅ የምትተዉ ከሆነ ሁለቱንም ልባስ አብራችሁ ስጡ፣ የጀሪካኑንም ፈተና አሳዩዋቸው፤ በየወሩ ይደግሙት፣ ጉድጓዱ መመለስ ያቆመ ቀን ለሕፃን መሆኑ ያበቃል።